መርዶ ይዞ የማይሮጠው ሰው

አያ ልየው ከየት ጀምሮ ነው የሮጠው?

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ራሴን እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ መልስ ግን ዛሬም የለኝም። ከቢቸና ሲነሳ አልሮጠም፤ ያዩት ብዙ ናቸው። ጉንደ ወይን ላይ በጠላ ሻጯ ደጃፍ ሲያልፍም ዝግ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሞጣ ሲገባ ግን ይሮጥ ነበር፤ ያንን ደግሞ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ። ከጉንደ ወይን ወዲህ ያለው ኮረብታ፣ ጫካና አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በዚያ መካከል የሆነ ቦታ ላይ፣ ምናልባት አንድ ዛፍ ሥር፣ ምናልባት አንድ ድንጋይ አጠገብ፣ አያ ልየው መራመዱን ትቶ መሮጥ ጀመረ። የእኔም ኑሮ መልኩን የቀየረው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ቦታውን ባውቀው እሳለመው ነበር።

ማረፉን የሰማሁት ሞጣ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ ነው። አንድ ነጋዴ ከአውቶቡሱ ጣራ ዕቃውን እያስወረደ፣ ፊቱን እንኳ ወደ እኔ ሳያዞር፣ «ያ ልየው የምትሉት መልእክተኛ ዓርብ ተቀበረ» አለኝ። ሐዘኑ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። መርዶ እንዴት እንደሚያዝ ለአገሩ ሁሉ ያሳየ ሰው፣ የራሱ መርዶ እንዲህ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ወረደ።

እኔ ባወቅሁት ዘመን ከቢቸና ሞጣ መኪና የሚሄደው በበጋ ነበር፤ ያውም ከተገኘ። ዝናብ ሲጀምር መንገዱ ይዘጋል። ስልክ ለመንግሥት ሥራ ካልሆነ ለእኛ ቢጤ አይታሰብም። ስለዚህ ሰው ዘመዱን ለሰርግ ሲጠራ፣ ታሞ ሲያስጠይቅ፣ የፍርድ ቀጠሮ ሲያስታውስ፣ ሰው ሲሞትበትም አያ ልየውን ይልክ ነበር። ለወጉ እህል ይሰፍሩለታል። እሱ የራሱ ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ነው፤ መልእክቱን የያዘው መንገድ ስለሚወድ እንደሆነ ሚስቱ እትዬ ዘውዴ ሁልጊዜ ትናገር ነበር። «እኔን ያገባኝ ዝም ብሎ ነው፤ ሚስቱስ ዳገቱ ናት» ትላለች።

ቀጭን፣ ጠይም ሰው ነበር። በረባሶውን በገመድ አስሮ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና ከተማ ጥግ ሲደርስ እግሩን ጠራርጎ ያጠልቀዋል። ለምን መንገድ ላይ እንደማያደርገው ስጠይቀው፣ «ጫማ ለሰው ዓይን ነው፤ እግር ለመንገድ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ አብሬው የተጓዝኩት በመስከረም፣ ሰባተኛ ክፍል ልገባ ሞጣ ስሄድ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ተድሬ፣ ከባሌ ቤት ኮብልዬ መጥቼ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ቢቸና እንዳልማር የባሌ ዘመዶች በወጣሁ በገባሁ ቁጥር መንገድ ይጠብቁኝ ነበር። እናቴ ይህን ስታይ ሞጣ ከምታውቃቸው ከእትዬ ጥሩዬ ቤት እንድቀመጥ አደረገችና ለአያ ልየው በአደራ ሰጠችኝ።

«አደራ ልየው፣ ይቺ ውዴ የምላት ልጄ ዓይኗ መጽሐፍ ላይ እንጂ መሬት ላይ አይደለም። ገደል ቢመጣ ገጽ መስሏት ልትገልጠው ነው» አለችው።

«ግድ የለዎትም፣ ገደሉን እኔ አነብላታለሁ» አላት።

ከደብረ ወርቅ ወዲያ የሰው መንገዱን ትቶ ወደ ኮረብታው አወጣኝ። እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ የማልተው ሰው ነኝና ቀጥ ያለ መንገድ እያለ ለምን እንደምንዞር ጠየቅሁት። መልሶ ወደ ታች ወሰደኝና ጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ ጥቂት አስሮጠኝ። ጭቃው እግሬ ላይ እየተጋገረ፣ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ሙቀጫ ከበደ። ከዚያ ተመልሰን ጫካው ውስጥ ገባን። ከወይራውና ከጽዱ ሥር መሬቱ በቅጠል ተነጥፎ፣ እርጥብ ሆኖም አይዝም፤ እግር ይቀበልና መልሶ ይሰጣል።

«አሁንስ የትኛው ነው ቀጥ ያለው?» አለኝ።

መሮጥ ያስተማረኝ እዚያ ነው። ሴት ልጅ፣ ያውም ፈት፣ ቀሚሷን ሰብስባ በጫካ ስትሮጥ ያየ ሰው ምን እንደሚል አስቤ መጀመሪያ እግሬ ተሳሰረ። «እዚህ ያለው ጉሬዛ ነው፤ ጉሬዛ ደግሞ ወሬ አያመላልስም» አለ። ቁልቁለቱን ስወርድ እርምጃዬን እንዳሳጥር፣ ዳገቱን ስወጣ ጫፉን እንዳላይ ነገረኝ። «ጫፉ ራሱ ይመጣል፤ አንቺ ብቻ አትለምኚው።» የቤተ ክርስቲያኑ ደን ጋ ስንደርስ ግን ድንገት ቆመ። ተሳለመና ደኑን አልፈን እስክንወጣ ድረስ በዝግታ፣ ሳይናገር ተራመደ። በቅጽር አይሮጥም ነበር። ከደኑ እንደወጣን፣ ልክ ከቤት እንደተለቀቀ ጥጃ፣ ፈንጥዞ ሮጠ። እኔም ተከትዬው ሮጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስሮጥ የነበረው ሰው ሲያባርረኝ ነበር፤ ማንም ሳያባርረኝ ስሮጥ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ምንጭ አጠገብ አርፈን ሳለ ነው የጠየቅሁት።

«አያ ልየው፣ መርዶ ስትይዝም እንዲህ ትሮጣለህ?»

«መርዶ ይዤ አልሮጥም።»

«ለምን?»

«ሞት እንደሆነ ሥራውን ጨርሷል፤ ምን ያስቸኩለኛል? እኔ ዝግ ባልኩ ቁጥር እዚያ ማዶ ያለው ሰውዬ ገና እናት አለው። ገና ወንድም አለው። ለምን ሮጬ እቀማዋለሁ?»

«የታመመ ሲሆንስ?»

«እሮጣለሁ። ሕመም ገና አልቆረጠም።»

«ሰርግስ?»

«እበራለሁ እንጂ! ሰርግ ላይ ከዘገየሁ ጠጁ ያልቅብኛል።»

ይህን ልማዱን ቢቸናም ሞጣም ያውቀው ነበር። ከሞጣ በላይ ካለው ኮረብታ ሲወርድ ከገበያው ይታያል። እየሮጠ ከሆነ ሰው ሥራውን ይቀጥላል፤ ቢቸና ዘመድ ያላቸው «ለማን ይሆን?» ብለው ፈገግ ይላሉ። እየተራመደ ከሆነ ግን ልብስ ሰፊው መኪናውን ያቆማል፣ እህል የሚሰፍረው ቁናውን አየር ላይ ይይዛል። ማንም ሰላም አይለውም፤ እሱም አይልም። ሐዘኑ ከሚገባበት ቤት አጠገብ ያለ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ጆሮው ላይ ይናገራል። ከዚያ ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው እስኪያረዱ ድረስ አጥር ሥር ይቀመጣል፤ ከማንም ቤት ውኃ እንኳ አይቀምስም። እትዬ ጥሩዬ፣ «የሌላ ሰው አፉ ይናገራል፣ የልየው እግሩ ነው የሚናገር» ይሉ ነበር።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን አያ ልየው በዚያ ኮረብታ በዝግታ፣ እያነከሰ ሲወርድ ታየ። ገበያው ጸጥ አለ። ቢቸና የተዳረች እኅት ያለቻቸው አንድ ባልቴት ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው «ወይኔ እኅቴ!» ብለው ጀመሩ። እሳቸውን ሰምታ ሌላዋ ቀጠለች፤ ሦስተኛው ሰውዬ ደረቱን ያዘ። ማን እንደሞተ ሳይታወቅ ገበያው በለቅሶ ተናወጠ። አያ ልየው ከላይ ሆኖ ይህን ሲሰማ እጆቹን እያወናጨፈ ጮኸ፤ «እሾህ ነው! ኧረ ሰዎች፣ እሾህ ነው!» ሲደርስ እግሩን አንስቶ ለያንዳንዱ እያሳየ ነው የዞረ። ባልቴቷ እሾሁን ራሳቸው በወስፌ አወጡለትና፣ «ሁለተኛ እሾህ ወግቶህ ወደዚህ እንዳትመጣ!» ብለው ረገሙት። እስኪያማቸው የሳቁ ነበሩ። ያን ቀን እኔም ከሳቁት ነኝ፤ ሰው በእሱ እግር ላይ ምን ያህል እንደተደገፈ የገባኝ ግን ኋላ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ። ሚኒስትሪ የሚባለው ፈተና በሰኔ ይመጣል። ወንድሜ ሞላ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ነበርና፣ ለእናቴ ቃሉን ሰጥቷት ነበር፦ «ካለፈች አስተማሪም ትሁን ሌላ፣ እጄን አላስገባም። ከወደቀች ወይም ከቀረች ግን ለጠየቀን ሰው እሺ እላለሁ።» የጠየቀን ሰው አንድ ሚስቱ የሞተችበት ባለ ብዙ ከብት ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። እኔ ግን ሁለተኛ ሰው ሲያባርረኝ መሮጥ አልፈለግሁም። ሁሉም ነገር በዚያ ፈተና ላይ ነበር፤ ሌላ ዕድል እንደማይሰጠኝ አውቅ ነበር።

የፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ የሰኔ ሰማይ እንደዚያ ሲጠራ ብርቅ ስለሆነ አስታውሰዋለሁ። ደጅ ተቀምጬ ጂኦግራፊ ሳነብ፣ እትዬ ጥሩዬ ከወደ አጥሩ በኩል እልልታቸውን ለቀቁት። ቀና ስል አያ ልየው ኮረብታውን እየሮጠ ይወርዳል። እንዴት ያለ ሩጫ! ጋቢውን ወገቡ ላይ አሥሮ፣ በረባሶው ጀርባው ላይ እየዘለለ።

የእትዬ ጥሩዬ ልጅ ቢቸና ባሏ ቤት ለሁለተኛ ልጇ ደርሳ ነበር። ስለዚህ መልእክተኛው እየሮጠ መጣ ማለት ለእሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ ኮረብታውን ጨርሶ እስኪደርስ እሳቸው ገንፎውን ጥደዋል፣ ጎረቤት ጠርተዋል፣ ቅቤውን አንጥረዋል።

«ወንድ ነው ሴት?» አሉት ገና ከበሩ ሳይገባ።

«ገና ነው እትዬ።»

«ገና? ገና ከሆነ ምን ያስሮጥሃል?»

«ለውዴ ነው የመጣሁት።»

«ለውዴማ ምን የሚያስሮጥ ነገር አላት?»

«ፈተና አላት» አለ።

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ጥሩዬ ግን የማማሰያ እንጨታቸውን እንደያዙ አዩት። ከዚያ፣ «በል እንግዲህ፣ የተሠራ ገንፎ አይደፋም። ብላ» አሉ። እሱ ገበታው ላይ ያለውን ትኩስ ገንፎ፣ መሐሉ ላይ የሞላውን ቅቤ፣ ትንሽ ጊዜ አየው። አንድ ጊዜ ቆርሶ ጎረሰ። ሲውጥ ጉሮሮው ላይ ሲወርድ ይታየኝ ነበር፤ ደክሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

«እናቴ ደህና ናት?» አልኩት።

«እናትሽን አታውቂያቸውም? 'ፈተናዋን ሳትጨርስ ዝር እንዳትል' ነው የሚሉ።»

እውነት ነው፤ እናቴ ሁልጊዜ ትለው የነበረው ይህንኑ ነው። ኋላ ቃል በቃል መርምሬዋለሁ፤ በአፉ አንዲት ውሸት አልተናገረም። የዋሸው እግሩ ብቻ ነው።

ክረምት ሳይገባ ይዞኝ ሊመለስ እንደሆነ ነግሮኝ፣ ፈተናው እስኪያልቅ ሁለት ቀን ጠበቀኝ። ከትምህርት ቤቱ በላይ አንድ ወይራ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ለምሳ ስወጣ እጁን ያነሣልኛል። እኔ ልቤ ሙሉ ነበር። የሒሳቡን ጥያቄ ስጨርስ ተመልሼ እንደገና ሠራሁት፤ እንደዚያ በሰላም የተቀመጥኩበት ቀን በሕይወቴ ጥቂት ነው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተነሣን። ኮረብታውን ወጥተን ጫካው ጋ ስንደርስ፣ ዘወትር እንደምናደርገው ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥኩ። እየሮጥኩ ስለ ፈተናው አወራለሁ፤ ስለ ዓባይ ገባሮች ጠይቀውን እንደነበር፣ አንዱን ረስቼ ኋላ እንዳስታወስኩት። ድምፁ ሲጠፋብኝ ዞር አልኩ። አያ ልየው ከኋላዬ፣ ራቅ ብሎ፣ በዝግታ ይራመዳል።

«አያ ልየው! ደከመህ?»

«የለም።»

«እግርህን አመመህ?»

እየተራመደ መጣ። ገበያው ላይ ያየሁት አረማመድ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ እጆቹን ወደ ታች ጥሎ።

«እሾህ ነው በለኝ» አልኩት። «እሾህ ነው፣ አይደል?»

«እሾህ አይደለም ውዴ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መጻፍ አልችልም። ቅጠሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። እሱ ደግሞ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ ነበር፤ እንዳያየኝ ይሁን ሌላ ሰው እንዳይመጣ ለመጠበቅ አላውቅም። መቼም ልቅሶዬ ሲበርድ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«አልቅሺ። ቢቸና ስትደርሺ ሽማግሌዎቹ ሲያረዱሽ ደግሞ ታለቅሻለሽ። ያ የሰው ነው። ይሄ ያንቺ ነው።»

እናቴ በድንገተኛ ሕመም ማረፏን፣ ቀብረዋት እሱን እንደላኩት፣ ወንድሜ «ሳትውል ሳታድር ይዘሃት ተመለስ» እንዳለው ነገረኝ።

«ዝግ ብዬ ብገባ ኖሮ ከኮረብታው ላይ ታውቂ ነበር» አለ። «ሁለት ቀን እናት ይኑርሽ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።»

እኔ ይቅር የምለው ምን ነበረኝ? እጁን ሳምኩት። እሱ ደንግጦ እጁን መነጨቀኝ። ከዚያ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ። አውቆ ሮጠ ከተባልኩ፣ ከእንግዲህ እግሬን የሚያምን የለም። ሳያውቅ ነው ከተባለ ይስቃሉ፣ ያልፋል። እኔ በዚህ መንገድ ላይ እስካለሁ ድረስ አደራ።»

ሐዘን ላይ እንደተቀመጥን የሩጫው ነገር ቢቸና ደረሰ። እትዬ ጥሩዬ የመርዶውን ነገር ሲሰሙ ለካ እልልታቸው በሞት ላይ ነበር፣ ገንፏቸው የተበላው በሞት ላይ ነበር። በምጥ ባለች ልጃቸው ላይ እንደ ሟርት ቆጠሩት። ልጅቱ ደህና ተገላገለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እሳቸው ግን በመጣ በሄደው «ልየው እግሩ ዋሸ» ብለው አስወሩ። ወንድሜ ሽማግሌ ሰብስቦ አስጠራው። እኔ በመጋረጃው ማዶ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ እሰማለሁ።

«የእናቴን መርዶ ሰጥቼህ ሮጥክ?» አለው ሞላ።

«ሮጥኩ።»

«ለምን?»

«ዝናብ መጣብኝ።»

«ዝናብ! አንተ? በነሐሴ ስትመላለስ የኖርክ ሰው?»

«እርጅና መሰለኝ፤ ፈራሁ።»

«ሁለት ቀን ምን አቆየህ?»

«ወንዙ ሞልቶብኝ።»

በዚያ ቀን ጠብታ እንዳልወረደ እኔ አውቃለሁ። ተነሣሁ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ አያ ልየው ራሱን በጣም ትንሽ፣ ሌላ ሰው በማያየው ልክ፣ በእምቢታ ነቀነቀ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ፣ «በሉ ተዉት፣ እናታችን መርዷቸው በሩጫ የሄደ የመጀመሪያዋ ሰው ናቸው» ብለው አሳቁ። ሞላ ግን አልሳቀም። «ከዛሬ ወዲያ ከቤቴ መልእክት አትይዝም» አለው። ቃሉንም ጠበቀ።

እንዳለውም ሳቁበት። ነገር ግን እሱ እንዳሰበው አላለፈም። ደመና በጠቆረ ቁጥር የሠፈር ልጆች «አያ ልየው፣ ኧረ ዝናብ መጣብህ!» ይላሉ። እትዬ ዘውዴን ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ፣ «ባልሽን ጃንጥላ ግዢለት» ይሏታል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ከኮረብታው እየሮጠ ሲወርድ ሰው እልል ከማለቱ በፊት ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እሱም ይህን አይቶ ከሩቅ መጮህ ጀመረ፤ «ሰርግ ነው! ሰርግ ነው!» ያ እግሩ ይናገር የነበረ ሰው አፉን መጨመር ግድ ሆነበት።

እኔ ፈተናውን አለፍኩ። ወንድሜም ቃሉን ጠብቆ ላከኝ፤ ደብረ ማርቆስ ተማርኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ሞጣ ተመደብኩ። አያ ልየው ሞጣ በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተደግፎ ልጆቹን ሳስተምር ያያል። አንዴ በጠራራ ፀሐይ እዚያው ቆሞ አገኘሁትና ግባ ብለው፣ «እዚሁ ሆኜ ይበቃኛል፤ ድምፅሽ ይሰማል» አለኝ። ሁልጊዜም ያንኑ እጠይቀዋለሁ።

«ከየት ጀምረህ ነው የሮጥከው?»

«ከኮረብታው።»

«የትኛው ኮረብታ?»

«ከረጅሙ።»

«ሁሉም ረጅም ናቸው እኮ።»

«አንቺ ደግሞ አስተማሪ ሆነሽ ትምህርቱ መቼ አለቀልሽ!» ይልና ይስቃል።

በአንድ በጋ ብቻዬን ከጉንደ ወይን ጀምሬ በዚያ መንገድ መጣሁ። ምንጩ ጋ ቆምኩ፤ ውኃ ሲጠጣ አስቦት ይሆን? ደኑ ጋ ቆምኩ፤ ተሳልሞ ሲወጣ ወስኖ ይሆን? የመጨረሻው ኮረብታ ጫፍ ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ሲያበራ ይታያል። እሱን አይቶ ይሆን? ወይስ ገና ከቤቱ ሲወጣ ያወቀውን ነገር፣ ሰው እስከሚጠፋበት ድረስ ይዞት ሄደ? በየቦታው ራሴ ሮጬ ሞከርኩት። የትኛውም ቦታ ይሆናል።

እንግዲህ ነጋዴው መርዶውን ባወረደልኝ ማግሥት ቢቸና ወረድኩ። ለቅሶው ገና ሞቅ ያለ ነበር። ከእትዬ ዘውዴ ጎን ተቀመጥኩ። አልቃሿ ጎበዝ ናት፤ እርሻውን አነሣች፣ በሬዎቹን አነሣች፣ እንግዳ መቀበሉን፣ ለጎረቤት መድረሱን በየተራ ገጠመችለት። ሰው ደረቱን እየደቃ ተቀበላት። በሬዎቹ ሁለት ጊዜ ተነሡ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ በሬዎቹ ስትመለስ እትዬ ዘውዴ በጆሮዬ፣ «እግሩን ፈሩት» አለችኝ። «ሃያ ዓመት በእግሩ ያገለገላቸውን ሰው፣ ሞቶ እንኳ እግሩን ፈሩት። ያቺ የዝናብ ነገር ትነሣለች ብለው ነው።»

ያን ጊዜ ነገርኳት። የእሷ ነጠላ ጫፍ ውስጥ አፌን ከትቼ፣ ከጠራው ሰማይ ጀምሬ፣ ገንፎውን፣ ወይራውን፣ በጫካው ውስጥ ያለኝን ሁሉ፣ አንዲት ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ለእኔም ዝናብ ነው ብሎኛል» አለች። «ልብሱ ደረቅ ነበር። ደረቅ መሆኑን አይቼ፣ ሌላ ሴት ዘንድ ቆይቶ ነው ብዬ ስንት ቀን አኩርፌዋለሁ! ዝም አለኝ። ዝም ብሎ ኩርፊያዬን በላ።»

ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። በባሏ ለቅሶ መሐል ሳቀች፤ ሴቶቹ አበደች ብለው ዞሩ። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፤ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀችና ብድግ ብላ መሐል ገባች። አልቃሿን በእጇ ፈቀቅ አደረገቻት። ድምፅ አላት ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ከዝናብ ሸሸ አሉት ሰማዩ ሳይጠቁር፣
የሮጠስ ለሰው ልጅ፣ ከመንገድ እንዳትቀር።»

ማንም አልተቀበላትም። ያልተለመደ ነገር ስለሆነ ሰዉ ምን ማለቷ እንደሆነ እርስ በርሱ ይተያያል። እሷ ደገመችውና በእጇ ወደ እኔ አመለከተች። ወንድሜ ሞላ ከወንዶቹ ጋር፣ በትሩን ተደግፎ ከማዶ ቆሞ ነበር። ወደ እኔ ተመለከተ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ሲያሰላው በፊቱ ላይ አየሁት፤ ሁለቱን ቀን፣ ፈተናውን፣ «ከቤቴ መልእክት አትይዝም» ያለውን ቃል።

በትሩን መሬት ላይ ጣለው። እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ቀድሞ የተቀበላት እሱ ነው፦

«የሮጠስ ለሰው ልጅ፣ ከመንገድ እንዳትቀር።»